ጥቁር አዝሙድ የተጠቀለለበት ገጽ

ልጄ ቡሬ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ቅመም ገዝታ መጣች። እኔ ፍኖተ ሰላም እሷ ቤት ነኝ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንዱ ልጄ ዘንድ ስሰነብት ሌላኛው ይናፍቀኛል፤ በዚያ ሰሞን ግን እዚያው ነበርኩ። ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ማንጎው በየደጁ የሚወድቅበት ጊዜ።

ጥቁር አዝሙዱን ወደ ጠርሙስ ልገለብጠው ብዬ እንደ ቀንድ የተጠቀለለውን ወረቀት ስፈታ ፊደል አየሁ። ፊደል ካየሁ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። አዝሙዱን አራግፌ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። የማንጎ ማርማላታ አሠራር ነው። «በመጀመሪያ ማንጎውን አጥበን እንላጥ» ይላል።

እንላጥ!

መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። «ሥጋውን ከፍሬው እንለይ። ስኳሩን ስንጨምር እጃችን አይፍጠን።» እንላጥ፣ እንለይ፣ እጃችን። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

ለምን ብድግ እንዳልኩ እንድታውቁልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ልጁ ከጀርባዬ ሆኖ ነጠላዬን እያኘከ ነው። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ የምግብ አሠራር ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰውዬ የገዛሁት፣ ጀርባው የተላቀቀ። ሌላው መጽሐፍ እውነት ይናገር ይዋሽ በምን አውቄ? የምግብ መጽሐፍ ከዋሸ ግን ድስቱ ያጋልጠዋል።

ታዲያ ያ መጽሐፍ «ሽንኩርቱን ይክተፉ» ይላል። እኔ ግራ ገባኝ። ይክተፉ የሚላቸው እነማንን ነው? እነሱ ይክተፉ ማለቱ መሰለኝ። ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ ከእኔና ከድመቷ በቀር ማንም የለም። ቀጥሎ ደግሞ «ዘይቱን ይጨምሩ» አለ። እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት ብዬ እሳቱን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእርሻ ሲመለስ ብጠይቀው በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«ምን እንግዳ ትጠብቂያለሽ? አንቺን አንቱ እያለሽ እኮ ነው!» አለኝ።

አንቱ! እኔን! እናቴ ቤት «ላጪ»፣ አማቴ ቤት «ክተፊ»፣ ድግስ ላይ «አምጪ፣ አንሺ፣ ቶሎ በይ» ሲባል የኖርኩትን ሴት! ያን ዕለት ሽንኩርቱን በርጩማው ላይ እንደ ወይዘሮ ተሰይሜ ነው የከተፍኩት። ባለቤቴም ራት ሲያምረው «እመቤት፣ ይክተፉልኝ» ማለት ለመደ።

የአሮጌ ምግብ መጽሐፍ ፍቅሬ እንዲህ ጀመረ። በሄድኩበት አገር ገበያ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው አሮጌ ወረቀት ነው። አዴት ላይ ሥራ ተዛውረው የሚሄዱ ባልና ሚስት የቤት ዕቃቸውን በራቸው ላይ ሲሸጡ፣ ሰው ሁሉ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሻማ እኔ ከሳፋ ሥር አንድ መጽሐፍ አውጥቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩ። ግሽ ዓባይ ለጠበል ስሄድ ደግሞ አብራኝ የሰነበተች ከሩቅ የመጣች ሴት የእርጥብ እጅ አሻራ ያለበት መጽሐፍ ይዛ ነበር፤ በስንቄ ቆሎና በአንድ ልቃቂት ፈትል ለወጥኳት። ሁሉንም የማስቀምጣቸው በአገልግል ነው። ሰው አገልግሉን ሲያይ ስንቅ ያለበት ይመስለዋል።

እነዚህን መጻሕፍት ሳነብ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሁሉም በየራሳቸው አፍ እንደሚናገሩ ነው። የመጀመሪያው አንቱ ይለኛል። የአዴቱ አንቺ ነው የሚለኝ፤ «ጨው ጨምሪ፣ እሳቱን ቀንሺ፣ አትርሺ!» አማቴ ከመቃብር ተነሥታ የጻፈችው ነው የሚመስለው። የግሽ ዓባዩ ደግሞ ጭራሽ ሰው የለበትም፤ «ሽንኩርት ይከተፋል፣ ውኃ ይፈላል» ይላል፤ ማን እንደሚከትፈው እግዜር ይወቅ። እንላጥ የሚል፣ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ከጎኔ ቁጭ የሚል መጽሐፍ ግን ያን ቀን ከጥቁር አዝሙዱ ሥር እስካገኘው ድረስ አልገጠመኝም ነበር።

ገጹን ገልብጬ እስከ ታች አነበብኩት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አረፋው ወደ ላይ ሲገነፍል አንደንግጥ፤ ምክንያቱም»

አለቀ። ገጹ አለቀ!

«አንቺ! ይህን ከማን ነው የገዛሽው?» ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ምነው እምዬ? ነቅዟል እንዴ?»

«አዝሙዱ ምን ይሆናል! ወረቀቱን ነው የምልሽ።»

«ወረቀቱን?» ትክ ብላ አየችኝ። «ከቅመም ሻጭ ነዋ። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች፣ ከጨው ሻጮቹ አጠገብ፣ የተቀደደ ጃንጥላ ሥር የምትቀመጥ። መጽሐፍ ከጎኗ አድርጋ እየገነጠለች ትጠቀልላለች።»

«መጽሐፍ! ሙሉ መጽሐፍ?»

«የተጋመሰ ይመስለኛል። ከፊቱ ነው የምትጀምረው፤ አልፎ አልፎ ከመካከልም ትመዝዛለች። እምዬ ሙች፣ አሁን ስለ እሱ ነው እንዲህ የጮህሽው? አገልግሉ አልሞላም?»

«አገልግል ሞልቶ ያውቃል?»

የልጅ ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «እማማ፣ ማርማላታ እኮ በስልክ ሞልቷል፤ ኔትወርክ ሲመጣ አሳይሻለሁ» አለችኝ።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

እሷም ስልኩን ወደ ጣሪያው አንሥታ ዞር ዞር አለች።

በማግስቱ ወደ ቡሬ ልነሣ ስል መንገድ ተዘግቷል ተባለ። የእኛ አገር መንገድ በዚህ ዘመን እንዲህ ነው፤ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይከፈታል፤ እስከዚያው ሰው ቤቱ ይቀመጣል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ነገር አስቡልኝ፤ ቡሬ ላይ አንድ ሰው ቁንዶ በርበሬ ባማረው ቁጥር ከዚያ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ይገነጠላል። አንዷ አራስ ገንፎ ባሰኛት ቁጥር አንድ ቅጠል። ወቅቱ ደግሞ የሠርግ ነው። ጎረቤታችን መጥታ፣ «ቡሬ ያሉት ዘመዶቻችን ልጃቸውን ሊድሩ ነው» ስትል እኔ «ወይኔ!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ምነው፣ ልጅቱን ለወንድ ልጅዎ አስበዋት ኖሯል?»

«ኧረ የለም፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩ፤ በልቤ ግን ለሠርጉ ወጥ ስንት ገጽ እንደሚሄድ እያሰላሁ ነበር።

ጭንቀቴን ለማብረድ ከልጅ ልጄ ጋር ማርማላታውን በጎደለው ገጽ ሞከርነው። እየላጥን፣ እየለየን፣ እጃችን ሳይፈጥን ስኳሩን ጨመርን። እሷም እንደ ቀልድ «እማማ፣ እናማስል?» ትለኛለች፤ እኔም «እናማስል!» እላታለሁ። ደስ አለን። ከዚያ አረፋው ተነሣ። አንደንግጥ ተብለን የለ፣ አልደነገጥንም፤ ቆመን አየነው። አረፋው ወጣ፣ ወጣ፣ ከድስቱ አልፎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ ቤቱ በተቃጠለ ስኳር ጭስ ታፈነ፣ ልጄ ከደጅ «ቤቴን!» እያለች ገባች። ያኔማ ደነገጥን። የተረፈው ቀጠነ፤ ሆኖም ጣፈጠ። በዳቦ በላነው፣ ጣታችንንም ላስነው። እኔ ግን ያ መጽሐፍ አብሮኝ ቢሆን ኖሮ ከምክንያቱም በኋላ ያለውን ይነግረኝ ነበር እያልኩ ስቆጭ ዋልኩ።

መንገዱ ተከፈተ የተባለ ዕለት ነጠላዬን አጣፋሁ። የልጅ ልጄን ያለቁ ደብተሮች አንድ ዘንቢል ሙሉ ያዝኩ፤ ዘዴዬ ግልጽ ነው፣ ወረቀት በወረቀት መለወጥ።

«ሰው ለአሮጌ መጽሐፍ ብሎ ቡሬ ይሄዳል?» አለች ልጄ።

«አንቺ ለለቅሶ ሄደሽ የለ? ለቅሶ የሚደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ሳይሞት ልድረስለት።»

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ዘንቢሌን አንሥቶ ክብደቱን ሲመዝን፣ «እማማ፣ ለንግሥ ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«ለመጽሐፍ ነው።»

«ዳዊት ሊያሳትሙ ነው?»

«የማርማላታ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ ሹፌሩ ሳይቀር። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ማርማላታ የሚባል መልአክ አለ እንዴ?» ብለው ሳቁን አባባሱት። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ከመንገዱ አልተነቀለም። ማንኩሳ ስንደርስ ሹፌሩ የበርበሬ ጆንያ ሊጭን ቆመ። ጆንያው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይታሰራል። እኔ በልቤ አሁን አንዱ ኮረሪማ ይገዛል፣ አሁን አንዷ ነጭ አዝሙድ ትላለች እያልኩ ወንበሩን ጨምድጄ ይዣለሁ። «ልጄ፣ ገበያው ሊፈታብኝ ነው» ስለው «ገበያው ገና አልሞላም እማማ» አለኝ። ስለ ገበያው መቼ ጨነቀኝ!

ቡሬ ገበያ ስትገቡ የሚቀበላችሁ በርበሬው ነው። ክምሩ መካከል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ «ይማርሽ»፣ «ያኑርህ» እየተባባለ ነው የሚተላለፈው። እኔም እያስነጠስኩ፣ እየተማርኩ፣ ጨው ሻጮቹ ዘንድ ደረስኩ። የተቀደደው ጃንጥላ አለ። አረንጓዴው ሻሽ አለ። ከቅመም ሻጯ በስተቀኝ፣ ድንጋይ ተጭኖት፣ መጽሐፉ አለ!

ሽፋን የለውም። ግማሹ ሄዷል። የቀረው ግማሽ በነፋሱ ጫፉ ብቻ እየተነሣ እየተቀመጠ ይተነፍሳል።

መቼም ዘዴ አስቤ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ገዢ እቀመጣለሁ፤ ኮረሪማ አስመዝናለሁ፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ከዚያ እንደ ዋዛ «ያ ወረቀት ምንድን ነው?» እላለሁ። ገበያ ላይ የፈለጉትን ነገር ማፍጠጥ ዋጋ ማስጨመር ነው፤ ይህንን ማንም ያውቃል። ግን ከእኔ ፊት አንድ ሰውዬ ቁንዶ በርበሬ ጠየቀ። እጇ ወደ መጽሐፉ ሄደ። ገጹ ሲገነጠል ድምፁን ሰማሁት።

«አትቅደጂው!»

ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ጨው ሻጮቹ ዞሩ፣ አንድ አህያ ሳይቀር ጆሮውን ቀሰረ። ሰውዬው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «እሜቴ፣ ምን አጠፋሁ? ገና ሂሳብ ልከፍል ነው!» አለ።

«አንተን አይደለም የኔ ልጅ። ወረቀቱን ነው።» ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ያሉት እኔን ነው። ዘዴው ሁሉ ጠፋብኝ። ዘንቢሉን ከፍቼ ደብተር አወጣሁና ከመካከሉ ገንጥዬ ሰጠኋት። «በዚህ ጠቅልይለት፤ ያንን መልሺው።»

ቅመም ሻጯ አንዴ እኔን አንዴ ዘንቢሉን አየች። ፊቷ ክብ ነው፣ ዕድሜዋ ከልጄ ብዙ አይበልጥም። ቁንዶ በርበሬውን በደብተሩ ገጽ ጠቅልላ ሰጠችው። ሰውዬው ወረቀቱን አነበበና፣ «ሒሳብ ነው፤ ሁሉም ኤክስ ነው፤ ተማሪው ወድቋል!» አለ።

«በቁንዶ በርበሬህ ላይ ፈተና አላደረግንብህም፤ ሂድ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መጽሐፉን አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ አቀበለችኝ። «ይህን ነው የፈለጉት እማማ? ይውሰዱት። ደብተሩን ይተዉልኝ እንጂ ለእኔ ወረቀት ወረቀት ነው። እንደውም የደብተሩ ይለሰልሳል።»

በቃ! እንዲህ ቀላል! መጽሐፉ በእጄ ገባ።  አሁን እንግዲህ ያለ ቃል ዘንቢሌ ውስጥ ከትቼው፣ መርቄያት፣ መሄድ ነው።

ግን መክፈት አለብኝ። ማንጎው ይኑር አይኑር ማየት አለብኝ። ከፈትኩት። የማንጎው ገጽ ከነምክንያቱ አንዱ ቤት ቅመም ይዞ ገብቷል፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ከዱባ ነው። ዱባም ደግ ነው ብዬ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስገባሁ። እንግዲህ እንደ እኔ ፊደልን በትልቅነቱ የቆጠረ ሰው በልቡ ማንበብ አያውቅም። ድምፄ ካልወጣ ቃሉ አይገባኝም፤ ዱሮም እንዲህ ነኝ። ሳላስበው ጮክ ብዬ ቀጠልኩ፦

«ዱባውን እንላጥ። ቅርፊቱ ጠንካራ ነውና ቢላውን ተጠንቅቀን እንያዝ። ቀጥለን ሽንኩርቱን እንክተፍ። ሽንኩርቱ ቢያስለቅሰን አንፈር፤ ያዘንበት ነገር ካለ በዚያው አልቅሰን እንጨርስና እንነሣ።»

ቀና ስል ቅመም ሻጯ ማንኪያዋን በአየር ላይ ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ያለችው ጨው ሻጭም መስፈሪያዋን ጣል አድርጋ ወደ እኛ ተጠግታለች።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?» አለች ቅመም ሻጯ።

«መጽሐፉ ነዋ።»

«ይሄ እኔ ስቀደው የከረምኩት?»

«እሱ ራሱ።»

«የሕግ ወረቀት ነበር የመሰለኝ። እስኪ ይድገሙት፣ የሽንኩርቱን።»

ደገምኩት። ከጨው ሻጯ ጋር በአገውኛ ተነጋገሩበት፤ ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ጨው ሻጯ አንድ ነገር አለችና ሳቃቸውን አቆሙ። «ምን አለች?» ብል፣ «ያ ሰው ባሏ የሞተባት ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ አይቷል ማለት ነው አለች» አለችኝ።  እኔም ለባለቤቴ ብዙውን ያለቀስኩት በሽንኩርት ነው፤ ልጆቼ እንዳያውቁብኝ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አሉኝ። ቀጠልኩ። ዱባውን አበሰልን፣ ምስሩን ለቀምን፣ ዓሣውን ሳናውቀው ጠበስን። ሦስት ገዢዎች ቅመማቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። አንዷ «እጃችንን እንታጠብ» ሲል እውነት መስሏት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ድምፄ እየጠራ ሄደ፤ የጎደለውን ገጽ እየዘለልኩ፣ ከተገነጠለው ላይ ወጡ ሳይወጠወጥ ወደ ዳቦው እየገባሁ አነበብኩ።

ጉሮሮዬ ሲደርቅ መጽሐፉን አጥፌ ወደ ዘንቢሌ ሳመጣው የቅመም ሻጯ እጅ ቀስ ብሎ መጽሐፉ ላይ አረፈ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልሰጥም።»

«ምን?»

«አልለውጥም። ደብተርዎን ይውሰዱ።»

«አሁን ወረቀት ወረቀት ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ወረቀት መስሎኝ ነበራ! ሰው እንዳለበት መች አወቅሁ!»

ጨው ሻጯ በሳቅ ጉልበቷን እየመታች፣ «እሜቴ፣ አፍዎ ነው ያስወሰደብዎ! ዝም ብለው ቢይዙት ኖሮ አሁን መናኸሪያ ነበሩ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ደሜ ፈላ። እስከ ቡሬ የመጣሁት እኔ፣ ከቁንዶ በርበሬው እጅ ያዳንኩት እኔ! «ልጄ፣ ፊደል ቆጥረሻል?» አልኳት።

«አልቆጠርኩም።»

«እንግዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ዛሬ ምን አደረገልኝ? ሰው መጣና አነበበልኝ። ሌላም ቀን ሰው ይመጣል።» አንገቷን ደፋ አድርጋ ጨመረች። «እኔ ቤቴ ብቻዬን ነኝ። ስልጥም ስከትፍም የሚያናግረኝ የለም። እንላጥ ሲል ጊዜ ደነቀኝ እማማ።»

 ብድግ ያደረገኝ ቃል እሷንም ብድግ አድርጓታል። ዘንቢሌን አየሁ፤ መጽሐፉን አየሁ። አንድ ነገር ግን ልቤን አሳረፈው፤ ከእንግዲህ ይህችን ሴት ይህን መጽሐፍ ቅደጂ የሚላት የለም። እኔ የሮጥኩት ሳይሞት ልድረስለት ብዬ አልነበር? ደረስኩለት እኮ። የማን ቤት ይደር የሚለው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ሲነድደኝ ቆየ እንጂ አልዋሽም።

«ደብተሩን ለምን እወስዳለሁ?» አልኳት በመጨረሻ። «ገበያ በመጣሽ ቁጥር የምትጠቀልይበት ስታጪ እጅሽ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል። ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ። መጽሐፉ አንቺ ዘንድ ይደር። ስመጣ ግን ማንም ገዢ ቢጮህ አነባለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

«ለንባብዎ ኮረሪማ» አለችና እፍኝ ሙሉ ዘንቢሌ ውስጥ ደፋችው።

ቤት ስደርስ ልጄ ዘንቢሉን ፈትሻ፣ «የታለ?» አለችኝ። «እዚያው ነው» ብላት «ታዲያ አልገዛሽውም?» አለች። «የእኔ ነው፤ ቡሬ ነው የሚኖረው» አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ኮረሪማውን ወሰደች።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር በገበያ ቀን እሄዳለሁ። ጎረቤት ያሉ ልጆች ሁሉ ያለቀ ደብተራቸውን ለእኔ ነው የሚያስቀምጡት። ቅመም ሻጯ መጽሐፉን በሻሽ ጠቅልላ ከመቀመጫዋ ሥር ታኖረዋለች፤ ስትነሣም ይዛው ትነሣለች። እኔ ሳነብ እሷ ቅመሟን ትሰፍራለች፤ አንዳንዴ «ቆይ፣ ኮረሪማው በዛ» ብላ ከመጽሐፉ ጋር ትከራከራለች፣ አንዳንዴ መጽሐፉ ያሸንፋል።

ባለፈው ስሄድ ግን ጃንጥላው ሥር ግርግር ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ካህን ቅመማቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። ቅመም ሻጯ ያመጣሁላትን የደብተር ወረቀት አንድ በአንድ እያየች ወደ ጎን ታስቀምጣለች። አንዷ ሴት፣ «ኧረ ጠቅልይልኝ፣ እጄ አዝሙድ አዝሙድ ሸተተ!» እያለች ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠግታ በጣቷ አንዲት ፊደል ነካችልኝ። «ይቺን አላወቅኋት ብለው ነው? መጽሐፉ ላይ ጣትዎን ተከትዬ ነው የያዝኳት። እንላጥ ሲሉ እሷ፣ እንክተፍ ሲሉ እሷ። ከፊት የምትቆመዋ።»

«እ» ናት። አልተሳሳተችም። «እሷ ናት!» ብዬ ስጮህ ካህኑ እንኳ ሳቁ።

«ታዲያ ይኸው፣ እዚህም አለች» አለችና ሌላ ገጽ አነሣች። «እዚህም። እዚህም ሁለት ቦታ። ሁሉም ላይ አለች እማማ! ካወቅኋት በኋላ እንዴት አድርጌ ልቅደዳት?»

ሴትዮዋ መዳፏን ዘርግታ እንደቆመች ነው። እኔም ከዘንቢሌ ሥር «እ» የሌለችበት ገጽ ፍለጋ ተንበርክኬ ደብተር ማገላበጥ ያዝኩ።